ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፦ የፈንገስ መድኃኒት ሲያቅተው

የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ በብልት አካባቢ የሚጀምር፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ብዙ ጊዜ «ፈንገስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ክሬም ይታዘዛል፤ ለጥቂት ቀናት ቀለል ይልና ይመለሳል። ሦስተኛው ቱቦ ካለቀም በኋላ ካላሻለዎት የበሽታውን ስም ይጠራጠሩ፤ ላይከን ስክለሮሰስ የሚባል የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ምልክቱ፦ ቆዳው ነጥቶና ሳስቶ፣ ተጨማድዶ የተዘረጋ የሲጋራ ወረቀት ይመስላል። ሲታከክ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ሽንት ሲነካው ያቃጥላል፤ ግንኙነትም ያማል። ፈንገስ ሲሆን ብዙ ጊዜ የረጋ ወተት የመሰለ ፈሳሽ አለ፤ እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

መንስኤው፦ ላይከን ስክለሮሰስ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳ ሲያጠቃ እንደሚመጣ ይታመናል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ንጽሕና ከመጉደልም አይመጣም። እንዲያውም በሳሙና፣ በዴቶል፣ በሎሚና ጨው በበዛበት ሙቅ ውሃ አዘውትሮ መታጠብ ያባብሰዋል።

መፍትሔው፦ ሐኪም አይቶ ካረጋገጠ በኋላ የሚያዘው ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ ክሬሙ ሳይሆን ወፍራሙ ቅባት ይሻላል፣ ብዙም አያቃጥልም። ይህ መድኃኒት ፊት ለማንጣት ያለአግባብ ሲቀባ የሚያደርሰውን ጉዳት የሰሙ እናቶች ስሙን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። በውስጡ ያለው ወረቀትም «በብልት አካባቢ አይቀቡ» ሊል ይችላል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ለዚህ በሽታ ግን የመጀመሪያው ምርጫ እርሱ ነው።

የተለመደው አወሳሰድ ለአንድ ወር በየማታው፣ በሁለተኛው ወር አንድ ቀን እያለፉ፣ በሦስተኛው ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ መቀባት ነው። የአንድ ጊዜ ልኩ ከቱቦው ሲጨመቅ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ ነው። የ30 ግራም ቱቦ ሦስት ወር ገደማ ይበቃል። በአንድ ወር ካለቀ አብዝተዋል፤ ሦስት ወር አልፎ ግማሹ ካለ ፈርተውታል። የመጀመሪያ ቀን መስታወት ይያዙ። ነውር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ነጩን ቦታ ሳያዩት የሚቀቡት መድኃኒት አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ብቻ ያረጥባል።

ተሽሎኝ ነበር፣ ቅባቱን ሳቆም ተመለሰ የሚሉ ብዙ ናቸው። ማሳከኩ ጠፋ ማለት በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ከዚያ በኋላም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መቀባት ያስፈልጋቸዋል። ሽንት ካቃጠለ አስቀድመው ቫዝሊን ይቀቡ፣ ሲጨርሱም ለብ ባለ ውሃ ይለቃለቁ።

በሽታው ሲቆይ ቆዳው ሊጣበቅና ቦታው ሊጠብብ ይችላል፤ ይህን ቅባቱ አይመልሰውም፤ ስለዚህ ቶሎ መጀመር ይበጃል።

በሳምንታት የማይድን ቁስል፣ ጠንካራ እብጠት ወይም የሚሻክር ነጭ ቦታ ካዩ ግን ቅባት አይጨምሩበት። ከመቶ ሴቶች ከአምስት ባነሱት ላይ ካንሰር ሊከተል ስለሚችል የቆዳ ወይም የማሕፀን ሐኪም ናሙና ወስዶ ይመርምረው። ለወንድ ሐኪም ማሳየት ከከበደዎት ሴት ሐኪም እንድታይዎት ይጠይቁ።