የፋይልን ዓይነት በኮድ መለየት፦ ስሙን ሰምቶ፣ ባይቱን አይቶ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የፋይልን ስም ግን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ላለ ትምህርት ቤት ሰነድ የሚቀበል ሲስተም ስትሠሩ፣ ፋይሉ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው በፍላሽና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ነው። ስለዚህ ኤክስቴንሽኑን እንደ ጥቆማ ያዙት፤ ፍርዱን ለባይቶቹ፣ ማለትም ፋይሉ ለተሠራባቸው ከ0 እስከ 255 ላሉ ቁጥሮች ተዉት።

ከስሙ እንጀምር። ኤክስቴንሽን የሚባለው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ነው። ካሜራዎች ብዙ ጊዜ በትልልቅ ፊደል ስለሚጽፉት መጀመሪያ ወደ ትንንሹ ቀይራችሁ አነጻጽሩ። የአማርኛ ስም ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ወረቀት ላይ «ዓ/ም» የምንለውን በፋይል ስም መጻፍ አይቻልም፤ እዝባሩ የፎልደር መለያ ነውና ዊንዶውስ አይቀበለውም። ሰዉም በነጥብ ይተካዋል። «ሪፖርት 2016 ዓ.ም» የሚል ኤክስቴንሽን የሌለው ፋይል ሲመጣ፣ ኮዳችሁ ኤክስቴንሽኑ «ም» ነው ብሎ ይመልሳል። «ቃለ ጉባኤ 12.03.2016» ደግሞ «2016» ይሆናል። መፍትሔው የምትቀበሏቸውን ኤክስቴንሽኖች በዝርዝር መያዝ ነው፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን «ኤክስቴንሽን የለውም» ብላችሁ ወደ ባይቱ እለፉ እንጂ ፋይሉን አትጣሉት።

የፓይተኑ «ማይምታይፕስ» ሞጁል ስሙን ብቻ እንጂ ውስጡን እንደማያይ አትርሱ። ብራውዘር ከፋይሉ ጋር የሚልከው የዓይነት መግለጫም ከላኪው በኩል የመጣ ስለሆነ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ፋይሉን በባይነሪ ሞድ ክፈቱና የመጀመሪያዎቹን 2048 ባይት አንብቡ። የባይቶቹን ዋጋ እዚህ በአስርዮሽ ቁጥር እንጽፋለን። ጄፔግ በ255 216 255 ይጀምራል፤ ፒኤንጂ በ137 80 78 71 13 10 26 10፤ ፒዲኤፍ በ37 80 68 70 45። የድሮው የወርድና የኤክሴል ፋይል በ208 207 17 224 161 177 26 225 ይጀምራል። ኤምፒ4 ላይ የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች የርዝመት ቁጥር ስለሆኑ ከአምስተኛው ጀምራችሁ 102 116 121 112ን ፈልጉ። 82 73 70 70 ስታዩ አትቸኩሉ፤ የዌቭ ድምፅም የዌብፒ ምስልም አጀማመራቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ከዘጠነኛው ባይት ጀምሮ ያለው ነው፦ 87 65 86 69 ከሆነ ድምፅ፣ 87 69 66 80 ከሆነ ምስል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት 80 75 3 4 ላይ ነው። ይህ የዚፕ ምልክት ነው፤ አዲሱ ወርድ፣ አዲሱ ኤክሴልና የአንድሮይድ መተግበሪያም ውስጣቸው ዚፕ ነው። እዚህ ላይ ዚፑን ከፍታችሁ የፋይሎቹን ዝርዝር ማየት ግድ ነው፦ «ወርድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ የዶክዩመንት ኤክስኤምኤል ካለ የወርድ ሰነድ ነው፤ «ኤክስኤል» በሚባል ፎልደር ውስጥ የወርክቡክ ኤክስኤምኤል ካለ ኤክሴል ነው።

ተራ ጽሑፍና ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የሠንጠረዥ ጽሑፍ) እንዲህ ያለ የአጀማመር ምልክት የላቸውም። 239 187 191 ወይም 255 254 ከፊት መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ፤ የመጀመሪያው ዩቲኤፍ-8፣ ሁለተኛው ዩቲኤፍ-16 ነው፤ ሁለቱም ፊደላት በባይት የሚጻፉባቸው ስልቶች ናቸው። ሁለቱም ከሌሉ ዜሮ ባይት መኖሩን ፈትሹ፤ ካለ ጽሑፍ ላይሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁት ዩቲኤፍ-16 ጽሑፍ በውስጡ ዜሮ ስላለበት ባይነሪ ተብሎ ይጣላል።

ቀጥሎ በዩቲኤፍ-8 ለማንበብ ሞክሩ። «ጎጃም» የሚለው ቃል ዘጠኝ ባይት ነው፦ 225 140 142፣ 225 140 131፣ 225 136 157። እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይዟል፤ መደበኛዎቹ የግዕዝ ፊደላት በሙሉ በ225 ይጀምራሉ፣ ሁለተኛው ባይታቸውም ከ136 እስከ 141 ነው። ታዲያ ክፍት ቦታ በሌለው የአማርኛ ጽሑፍ 2048 ባይት ብትቆርጡ 682 ፊደላት 2046ቱን ይወስዱና የቀጣዩ ፊደል ሁለት ባይት ብቻውን ይቀራል። ባይቱን ወደ ፊደል የሚመልሰው ዲኮደርም ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ደህናው ፋይል «ጽሑፍ አይደለም» ይባላል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የፈተነ ሰው ይህን ስህተት አያየውም። በፓይተን ኢንክሪመንታል ዲኮደር ተጠቀሙ፤ የተቆረጠውን ጫፍ ሳይወድቅ ይይዘዋል።

ግዕዝ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ሰነድ ባይቶቹ የላቲን ናቸው፤ በትክክለኛው ፎንት ካልታየ ትርጉም የለሽ ምልክት ይመስላል። አልተበላሸም፤ ለይታችሁ ለመቀየር አስቀምጡት።

ሁሉንም ራሳችሁ መጻፍ ካልፈለጋችሁ ሊብማጂክ የተባለውን የፋይል ዓይነት መለያ ላይብረሪ ተጠቀሙ፤ የሊኑክሱ «ፋይል» ትእዛዝ የሚሠራው በእሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ከፓይተኑ ጥቅል በተጨማሪ ላይብረሪውን ራሱን መጫን ያስፈልጋል።

ባይቱና ኤክስቴንሽኑ ሲስማሙ ተቀበሉ። ባይቱ የተፈቀደ ዓይነት ሆኖ ስሙ ከተሳሳተ፣ ትክክለኛውን ኤክስቴንሽን ሰጥታችሁ እናንተ ባወጣችሁት ስም አስቀምጡት። 77 90 የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ 76 0 0 0 ደግሞ ሾርትከት፣ የፍላሽ ቫይረስ በፎልደር ምትክ የሚተወው ዓይነት ነው። ስማቸው ምንም ቢል ሁለቱንም አትቀበሉ።

የአጀማመሩ ምልክት ፋይሉ ሙሉ መሆኑን አያሳይም። ኔትወርክ መሃል ላይ ተቋርጦ ግማሹ ብቻ የደረሰ ፒዲኤፍም በ37 80 68 70 45 ይጀምራል። ስለዚህ ለላኪው «ደርሷል» ከማለታችሁ በፊት ፒዲኤፉን በፒዲኤፍ ላይብረሪ፣ ምስሉን በምስል ላይብረሪ እስከ መጨረሻው ክፈቱት።