ለማሽላ ጥበቃ የማይወዛወዝ ማማ እንዴት ይሠራል?

ማሽላ ወተት ከያዘ ጀምሮ ፍሬው እስኪጠነክር ድረስ ማሳው ላይ ሰው መጥፋት የለበትም። ጎህ ሲቀድ ግሪሳ ወፍ ይመጣል፣ ረፋዱ ላይ ዝንጀሮና ጦጣ፣ አመሻሽ ላይ እንደገና ግሪሳ፣ ሌሊቱን ደግሞ የዱር አሳማና ጃርት። አንዲት ግሪሳ ብትመዝን 20 ግራም ገደማ ናት፤ በቀን ግን 10 ግራም ያህል እህል ትጨርሳለች። መንጋው በሺህ ሲቆጠር ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ማማ ሲባል ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ቁመቱ ነው። ቁመቱ ቀላል ነው። ማማ የሚሠራው ለተቀመጠ ሰው ሳይሆን ቆሞ ለሚወነጭፍ ሰው መሆኑ ነው የሚረሳው። ወንጭፍ የሚያዞር ሰው መላ ሰውነቱን ወደ አንድ ጎን ይወረውራል፣ በቀን ውስጥ ደጋግሞ። ስለዚህ ማማው ወደ ታች የሚጫነውን ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን የሚገፋውን መቻል አለበት። ጠባቂው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው ብላችሁም አታቅሉት፤ ሁለት ትልልቅ ሰው እንደሚወጣበት አድርጋችሁ ሥሩት።

ቦታ መምረጥ

ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ልትተክሉ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ ቁሙና ወደ አራቱም ማዕዘን ወንጭፉ። ድንጋዩ የማይደርስበት ጥግ ካለ ማማው ወደዚያ ይጠጋ። ማሳው ሰፊ ከሆነ ከአንድ ረጅም ማማ ሁለት አጫጭር ይሻላል። ሲቻል ወደ ምሥራቁ ጫፍ አድርጉት፤ ዋናው ፍልሚያ ጠዋት ስለሆነ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሁን።

ማሳው መሀል ግራር ካለ “አንዱ እግር እሱ ይሁነኝ” ማለት ያምራል። ይቅርባችሁ። ነፋስ ሲነሳ ዛፉ ይወዛወዛል፣ የተከላችሁት እንጨት ግን ባለበት ይቆማል፤ በሁለቱ መሀል ማሰሪያው ያልቃል።

እንጨት

አራት ባላ፣ ማለትም ጫፉ ሹካ የሆነ እንጨት፣ ያስፈልጋል። ማሽላው 3 ሜትር የሚደርስ ከሆነ እግሮቹ 4 ሜትር ይሁኑ፤ አንዱ ሜትር መሬት ውስጥ ይቀራል፣ ወለሉ ከማሽላው ራስ እኩል ይሆናል። ከዚያ በላይ መውጣት ትርፉ መወዛወዝ ነው። ውፍረቱ ከታች ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ምስጥ የማይደፍረው ወይራ፣ ጥድና ቁርቁራ ነው። ካረጀ ቤት ወይም አጥር የተነቀለ ካገኛችሁ እሰየው፤ ለማማ ብሎ የቆመ ወይራ መቁረጥ ግን አልመክርም። የቀረው ባህር ዛፍ ነው፤ ቀጥ ያለና የትም የሚገኝ፣ ምስጥም የሚወደው። ልጣጩን ልጣችሁ መሬት የሚገባውን ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፣ ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ርቃችሁ። ጫፉን በእሳት የሚያከስሉም አሉ፤ የከሰለው ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ስለሚገባ እኔ ለብቻው አላምነውም።

እንጨቱን ግንቦት ላይ ቁረጡና ከዝናብ በተከለለ ቦታ አድርቁት። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ነሐሴ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ ያሰራችሁት ጥቅምት ላይ ላላ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ተከላ

በየጎኑ ከታች 2 ሜትር፣ ከላይ አንድ ሜትር ተኩል እንዲሆን እግሮቹን ወደ ውስጥ ዘንበል አድርጋችሁ ትከሉ። ጉድጓዱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባ። አፈሩን በአንዴ አትመልሱት፤ አንድ ስንዝር ያህል አፈርና ድንጋይ እየጨመራችሁ በዲጂኖው እጀታ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ ሌላ ጨምሩ። የተጠቀጠቀ አፈር ድምፁ ይለያል፤ ድፍን ድምፅ እስኪሰጥ አትለፉት።

መሬታችሁ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ከሆነ ሥራው በዚህ አያበቃም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ ዝናቡ ሲያቆም ይሰነጠቃል። መስከረም መጨረሻ ላይ ወርዳችሁ የእግሮቹን ዙሪያ ተመልከቱ፤ በእንጨቱና በአፈሩ መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታያላችሁ። በጭቃ አትድፈኑት፣ ጭቃውም ደርቆ መልሶ ይሸሻል። ጠጠርና ደረቅ አፈር ቀላቅላችሁ በቀጭን ብረት እየወጋችሁ አስገቡበት።

መስቀሉ

አብዛኛው ማማ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እግሮቹን በአግዳሚ ማገር ብቻ አስረው “ጠነከረ” የሚሉ አሉ። በማገር ብቻ የታሰረ አራት ማዕዘን ወደ ጎን ሲገፉት ይተኛል። በጥቅምት ነፋስ እንዲሁ የተኛ የጎረቤት ማማ አይቻለሁ፤ አንድ እንጨት አልተሰበረም፣ አንድ ማሰሪያ አልተፈታም፣ ብቻ ተንጋዶ ማሽላው ላይ ተኝቷል። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም።

መድኃኒቱ ከአንዱ እግር ሥር ተነስቶ ወደሚቀጥለው እግር ራስ የሚወጣ ሰያፍ እንጨት ነው። በአራቱም ጎን ሁለት ሁለት ሆነው መስቀል ይሥሩ። መሰላሉ ያለበትን ጎን መዝለል የተለመደ ስንፍና ነው፤ መሰላሉ ከውጭ ስለሚደገፍ ሰያፉ አያስቸግረውም። ሁለቱ ሰያፎች የሚገናኙበትን መሀልም እሰሩት።

ማሰሪያውን በተመለከተ፣ ሚስማር ብቻውን ደረቅ እንጨት ይሰነጥቃል። ናይለን ገመድ ይንሸራተታል፣ ፀሐይም ይጨርሰዋል። ልጥ እርጥብ ሆኖ ታስሮ ሲደርቅ ጥሩ ይጨብጣል፣ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አትመኑት። የኔ ምርጫ ጥቁር ሽቦ ነው፤ ድርብ አድርጋችሁ ጠምጥሙና በጉጠት አክርሩት። ከዚያ በሽቦውና በእንጨቱ መሀል ሽብልቅ ምቱ። በኋላ ሲላላ ሽቦውን መፍታት ሳያስፈልግ ሽብልቁን መምታት ይበቃል።

ወለሉን ስትጨርሱ ጣሳ ሙሉ ውኃ መሀል ላይ አስቀምጡና አንድ ሰው ባዶ ወንጭፍ ያዙር። ውኃው ቢርገበገብ ምንም አይደለም፤ ከጣሳው ከፈሰሰ ግን ወደ መስቀሉ ተመለሱ።

ወለል፣ ጥላና መሰላል

ባላዎቹ ላይ ሁለት ወፍራም ወራጅ ይጋደማል፣ በላዩ ርብራቡ ተጠጋግቶ ይደረደራል፣ ሁለቱም ጫፍ ይታሰራል። ተረከዝ የሚያስገባ ክፍተት አይኑር። ሣር አትጎዝጉዙበት፤ የላላ እንጨት ይደብቃል፣ እባብም ይደብቃል። ከመሰላሉ በር በቀር ዙሪያው ወገብ የሚደርስ መከለያ ይኑረው።

ጥላው ከኋላ በኩል ግማሹን ብቻ ይሸፍን። ሙሉ ጣሪያ የሠራ ሰው መጀመሪያ ሲወነጭፍ ወንጭፉ ወጋግራው ላይ ይጠመጠምበታል። ሣር ይበቃል፤ ቆርቆሮ ነፋስ ይይዛል። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ጥላ አለኝ ብሎ መቀመጥ የለም፣ መውረድ ነው፤ ሜዳ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የቆመው ማማው ነው።

የመሰላሉ መርገጫዎች በሚስማር ብቻ አይንጠልጠሉ፤ ቋሚው ላይ አፍ አውጡላቸውና እዚያ ተቀምጠው ይታሰሩ። ማታ መሰላሉን ወደ ላይ ሳቡት።

ሲጠበቅ

ድንጋይ ይዞ መሰላል መውጣት አይገባም፤ ቅርጫት በገመድ ሳቡ። ከድንጋይ ይልቅ ደርቆ የተድበለበለ ጭቃ ይሻላል። ሲወድቅ ይፈረካከሳል፣ ማሳው ውስጥ ተጠራቅሞ በሚቀጥለው ዓመት ማረሻ አያዶለድምም፣ መንገደኛም አይፈነክትም። ዓላማው ማባረር ነው፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ተከልክሏል።

ግሪሳው እንደ ደመና ሰማይ ሸፍኖ ከመጣ ግን ማማም ወንጭፍም አይመልሰውም። የሚያድርበትን ቦታ አይታችሁ ቶሎ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ተናገሩ። ማደሪያው ላይ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል፤ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ማደሪያው መታወቅ አለበት።

አዝመራው ሲሰበሰብ ማማውን ነቅላችሁ አስገቡት። ቆሞ የከረመ ማማ እግሩን ምስጥ ይበላዋል፣ ከላይ ግን ደህና ይመስላል፤ ልጆችም ይወጡበታል። የበሰበሰውን ጫፍ ቁረጡለት፣ ያጠረውን እግር ለሰያፍ አድርጉት፣ ሽቦውን ጠቅልላችሁ ስቀሉት።