የአማርኛ ኢሜይል ሲነደፍ የኤዲተሩን ማሳያ ማስተካከል

የኢሜይል ኤዲተር (ኢሜይል የሚነደፍበትን ፕሮግራም) ስትከፍቱ ተሞልቶ የሚጠብቃችሁ ቁጥር ሁሉ የተለካው በላቲን ፊደል ነው፤ የፊደሉ መጠንም፣ የመስመሩ ርቀትም፣ የርዕሱ ውፍረትም። አማርኛ ሲገባበት መስመሩ ይጣበቃል፣ ርዕሱ ይሰበራል፣ ሲነካ ሊንክ የሚከፍተው ቁልፍ ላይ ያለው ቃል ይበታተናል። ለምሳሌ ያህል ላሊበላ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለገና የሚልከውን ኢሜይል እንውሰድ፦ ከላይ ርዕስ፣ ከሥሩ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን አማርኛና እንግሊዝኛ፣ ከታች ክፍል መያዣ ቁልፍ።

መጀመሪያ የራሳችሁ ስክሪን

ብሮውዘሩን ወደ 100 ፐርሰንት መልሱ፤ ኮንትሮልና 0 አንድ ላይ መጫን ይበቃል። ዙሙ 125 ላይ ከቆየ 14 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) የሆነው ጽሑፍ ለእናንተ 17 ተኩል ሆኖ ይታያል፤ ተነባቢ ነው ብላችሁ ትልካላችሁ፣ ተቀባዩ ግን ዓይኑን ያጠባል። የስክሪኑንም ብርሃን ከጫፍ አውርዱት። ጨለም ባለ ቢሮ ውስጥ በሙሉ ብርሃን ሲታይ ጥሩ የሚመስል ፈዛዛ ግራጫ፣ ባቲ ገበያ መሐል ቀትር ላይ ስልኩን ለሚከፍት ሰው ባዶ ወረቀት ነው። በነጭ ላይ #999999 የተባለውን የቀለም ኮድ (ፈዛዛ ግራጫ) አትጠቀሙ። ግራጫ የግድ ካስፈለገ ከ#767676 የፈዘዘ አይሁን፤ ለዋናው ጽሑፍ ወደ ጥቁር የተጠጋው #222222 ይሻላል።

የረድፍና የዓምድ ድንበር የሚያሳዩትን መስመሮች ስትሠሩ አብሯቸው፣ ስትገመግሙ አጥፏቸው። መስመሮቹ እያሉ ሁሉም ነገር በቂ ክፍተት ያለው ይመስላል፤ ሲጠፉ ጽሑፉ ከፎቶው ጋር ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

ፊደሉ

ብዙው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። በኤዲተሩ የፎንት ዝርዝር ውስጥ ያሉት ኤሪያልና ጆርጂያ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ኤሪያል ብላችሁ ብትመርጡም የተቀባዩ መሣሪያ አማርኛውን በራሱ ፎንት ይተካዋል፦ ዊንዶውስ በኒያላ ወይም በኢብሪማ፣ አፕል በኬፋ፣ አንድሮይድ በኖቶ። ስለዚህ ፕሪቪው (ከመላኩ በፊት ያለው ቅድመ እይታ) ላይ የምታዩት የእናንተን ኮምፒውተር ፎንት እንጂ የተቀባዩን አይደለም። ከኢንተርኔት የሚጫን ፎንት ብትጨምሩም አፕል ሜይል ያነበዋል፣ ጂሜይል አይቀበለውም። የሚያዋጣው ኤዲተሩ ከፈቀደ በቅደም ተከተል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኢብሪማ፣ ኬፋ፣ ኒያላ ብሎ መደርደር ነው፤ ስሞቹ ሳጥኑ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

መጠኑን 17 ፒክስል፣ የመስመር ርቀቱን 1.6 (የፊደሉን መጠን 1.6 እጥፍ) አድርጉ። ኒያላ በተመሳሳይ ቁጥር ከሌሎቹ አንሶ ስለሚታይ 14 የተባለው ዊንዶውስ ላይ ጉንዳን ያህላል። የመስመር ርቀቱ 1.2 ላይ ከቀረ ደግሞ የላይኛው መስመር እግር ከታችኛው ራስ ጋር ይነካካል።

ከ20 ፒክስል በታች ያለ ጽሑፍ አታወፍሩ። ፊደል ሲወፍር ትንንሾቹ ቀለበቶች ይደፈናሉ፤ «ሜ» «ሚ» ሆና ትነበባለች። ማዘንበሉንም ተዉት፤ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ገፍቶ ያጣምመዋል እንጂ ለግዕዝ የተሳለ ዘንበል ያለ ቅርጽ በአብዛኛው የለም። በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት 0 ማድረግ አትርሱ። ብዙ ቴምፕሌቶች (ቀድመው የተዘጋጁ ንድፎች) ቁልፍ ላይ 1 ወይም 2 ፒክስል ስለሚሰጡት «ክፍል ይያዙ» የሚለው «ክ ፍ ል ይ ያ ዙ» መስሎ ይወጣል።

ስፋትና የሞባይል እይታ

የኢሜይሉን ስፋት 600 ፒክስል ላይ አቁሙት። ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ዓምድ 300 ነው፤ ግራና ቀኝ 20 ክፍተት ሲቀነስ ለጽሑፍ የሚተርፈው 260 ብቻ ነው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ የሚሰበረውም ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ነው። «እንድንቀበላችሁ» ካልበቃው ሙሉውን ወደ ታች ይወርድና መስመሩን ባዶ ይተወዋል። ርዕሱን ለኮምፒውተር 28፣ ለሞባይል 22 አድርጉና በጠባብ ስልክ ልክ፣ በ320 ፒክስል ስፋት እዩት፤ በዚያ ካማረ በ360ም ያምራል።

ወደ ሞባይል እይታ ስትቀይሩ ዓምዶቹ ይደራረባሉ፤ የግራው ከላይ ይሆናል። አማርኛው ግራ ከሆነ ቀድሞ ይነበባል። ጽሑፍና ፎቶ እየተፈራረቁ የተቀመጡባቸው ረድፎች ካሉ ግን ሁለት ፎቶ ተከታትሎ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ ረድፍ ላይ የመደራረቡን ቅደም ተከተል ገልብጡት።

ለኮምፒውተርና ለሞባይል ሁለት ቅጂ ሠርቶ አንዱን «በሞባይል ደብቅ» በሚለው አማራጭ መሰወር ያጓጓል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተደበቀው ረድፍ ከኢሜይሉ አይወጣም፤ የመደበቂያውን ትእዛዝ የማያነብ መተግበሪያ ላይ ሁለቱም ቅጂ ይታያል። የጂሜይል መተግበሪያ ውስጥ የመሥሪያ ቤት አድራሻውን ያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይኼ ነው። ሌላው ችግር ክብደት ነው። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ያለፈን ኮድ ይቆርጣል። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የግዕዙ 3 ይይዛል፤ ኤዲተሩ ፊደሉን ወደ ቁጥር ኮድ የሚለውጥ ዓይነት ከሆነ 7 ይደርሳል። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ፣ የተደበቀ ቅጂም ያለበት ኢሜይል ሳይታወቅ ከልኩ ያልፋል። የሚቆረጠው ደግሞ መጨረሻው፣ ማለትም ክፍል መያዣው ቁልፍና ከዝርዝሩ መውጫው ሊንክ ነው። ከዎርድ የገለበጣችሁትን በኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ ለጥፉ፤ ዎርድ አብሮ የሚያመጣው ድብቅ ኮድ ይራገፋል።

ፎቶ፣ ቁልፍ፣ ጨለማ

ፎቶውን 1200 ፒክስል ስፋት አድርጋችሁ በ600 አሳዩት፤ ፋይሉ ከ200 ኪሎባይት ባይበልጥ ከደሴ ወልድያ መንገድ ላይ በሞባይል ዳታ ለሚከፍተውም ይደርሳል። የበዓል ምኞቱን ፎቶው ላይ አትጻፉት። ፎቶ ሳይጭን የሚከፍት አውትሉክ ብዙ ነውና ምኞቱ አብሮ ይቀራል። የፎቶውን አማራጭ ጽሑፍ (ፎቶው ሳይጫን በቦታው የሚታየውን) በአማርኛ ሙሉት።

የቁልፉ ቁመት ከ44 ፒክስል አይነስ፤ ለ17 ፒክስል ጽሑፍ (መስመሩ በ1.6 ርቀት 27 ያህል ስለሚይዝ) ከላይና ከታች 12 ክፍተት ስጡት።

ዳርክ ሞድን (መደቡ ጥቁር፣ ጽሑፉ ነጣ ያለ የሚሆንበትን እይታ) እንደ ጥቂቶች ምርጫ አትቁጠሩት። ከአንድሮይድ 10ኛው ስሪት ጀምሮ አንዳንድ ስልኮች ባትሪ መቆጠቢያው ሲበራ ገጹን ያጠቁሩታል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ኮምቦልቻ ላይ ስንቱ ስልክ እንደሚጠቁር አስቡት። ጽሑፉና መደቡ ቀለም ሲለውጡ ፎቶ አይለወጥም። ስለዚህ መደብ የሌለው ጥቁር ሎጎ ጥቁር ላይ ይጠፋል፤ ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ጠርዝ ጨምሩለት ወይም ነጭ መደብ ላይ አስቀምጡት።

ሙከራ

ፕሪቪው የሚያሳየው ብሮውዘሩ የሳለውን ነው። የቆየው የዊንዶውስ አውትሉክ ከ2007 ጀምሮ ኢሜይልን የሚስለው በዎርድ ሞተር ስለሆነ የተጠጋጋው የቁልፍ ማዕዘን ይሾላል፣ ከጽሑፍ ጀርባ የተደረገ ፎቶም ሊጠፋ ይችላል። የሙከራ ኢሜይሉን ለሦስት ቦታ ላኩ፦ ርካሽ አንድሮይድ ላይ ላለ ጂሜይል፣ ለአይፎን፣ ዊንዶውስ ላይ ላለ አውትሉክ። አንድሮይዱን ይዛችሁ ፀሐይ ላይ ውጡና ርዕሱን አንብቡ፤ ከዚያ ዳርክ ሞዱን አብርታችሁ ድገሙት። አውትሉኩ ላይ ፎቶው ሳይጫን ምኞቱና ቁልፉ መታየታቸውን እዩ፤ ካልታዩ ወደ ኤዲተሩ ተመልሳችሁ በፎቶ ያስቀመጣችሁትን በጽሑፍ ተኩ።