የጃቫ ፕሮግራም ከክሎጁር ፈንክሽን ጋር እንዴት ይገናኛል፦ በሆቴል ሒሳብ ምሳሌ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል በጃቫ የተሠራ የእንግዳ መመዝገቢያ አለው እንበል። ክፍሉም፣ እንግዳውም፣ ደረሰኙም ክላስ ናቸው፤ እየሠሩ ስለሆነ አትንኳቸው። ራስ የሚያዞረው ሒሳቡ ነው፦ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከዚያ የቡድን ቅናሽ። ይህ ክፍል ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር ከመመለስ ሌላ ሥራ ስለሌለው፣ ሥራን በፈንክሽን ለሚገልጸው የፕሮግራም ቋንቋ ለክሎጁር ይመቻል። ክሎጁርም የጃቫን ፕሮግራም በሚያስኬደው በዚያው በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ስለሚሠራ ሁለት ፕሮግራም በኔትወርክ ማነጋገር አያስፈልግም።

ክሎጁርን በማቬን ወይም በግሬድል (ላይብረሪ አውርደው ፕሮግራሙን በሚገነቡ መሣሪያዎች) እንደ ማንኛውም ላይብረሪ ጨምሩ፤ ከሥሪት 1.10 ጀምሮ ጃቫ 8 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ኢንተርኔት ደካማ ሆኖ ጃሩን (የላይብረሪውን ጥቅል ፋይል) በፍላሽ የምትገለብጡ ከሆነ ግን የክሎጁር ጃር ብቻውን አይነሳም። ከ1.9 ወዲህ ስፔክ አልፋ እና ኮር ስፔክስ አልፋ የሚባሉት ሁለት ጃሮችም አብረው መኖር አለባቸው።

የክሎጁር ፋይሉን ሪሶርስስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። በኔምስፔሱ (የፋይሉ ፈንክሽኖች በሚጠሩበት የጋራ መጠሪያ) ስም ውስጥ ሰረዝ ካለ በፋይሉ ስም ላይ የታች መስመር ይሁን፤ አለዚያ ፋይሉ ዓይናችሁ ሥር እያለ «አልተገኘም» ይላችኋል።

ከጃቫ በኩል የምትጠቀሙት ክሎጁር.ጃቫ.ኤፒአይ ፓኬጅ ውስጥ ያለውን ክሎጁር የተባለ ክላስ ነው። መጀመሪያ፣ ፈንክሽንን በስሙ በሚያመጣው በቫር ሜተድ፣ ሪኳየር የተባለውን ፈንክሽን ያዙና የሒሳቡን ኔምስፔስ አስጭኑ። የሒሳቡን ፈንክሽን በቫር ይዛችሁ በኢንቮክ የምትጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሪኳየርን ብትዘሉትም ቫር ያለ ምንም ቅሬታ ይመልስላችኋል፤ ስህተቱ የሚፈነዳው ኢንቮክ ላይ ነው። መጫኑ ጊዜ ስለሚወስድ ፕሮግራሙ ሲነሳ ይደረግ፤ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ እየጠበቀ ሳለ አይሁን።

ብዙ ችግር የሚመጣው በሁለቱ መሃል ከሚያልፈው ዕቃ ነው። የእንግዳውን ኦብጀክት እንዳለ አታሳልፉ፤ ዋጋውን፣ የሌሊቱን ብዛትና የቅናሹን ዓይነት በማፕ (እያንዳንዱን እሴት በቁልፍ በሚይዝ መዝገብ) ላኩ። የጃቫው ማፕ ቁልፎች ስትሪንግ ስለሆኑ በኪወርድ (በ: ምልክት በሚጀምር የክሎጁር ስም) ብትጠይቁት ኒል (ባዶ) ይመልሳል እንጂ አይጮህም። የማፕን ስትሪንግ ቁልፎች ወደ ኪወርድ የሚቀይረው ኪወርዳይዝ ኪስም ብቻውን አያድናችሁም፤ የጃቫውን ሃሽማፕ እንደ ክሎጁር ማፕ ስለማያየው ሳይነካው ያልፋል። መጀመሪያ ኢንቱ በሚባለው ፈንክሽን ወደ ባዶ የክሎጁር ማፕ ገልብጡት፣ ከዚያ ቁልፎቹን ቀይሩ።

ገንዘብ ሁልጊዜ ቢግዴሲማል (ሳንቲሙን በትክክል የሚይዝ የአስርዮሽ ቁጥር) ይሁን። ክሎጁር ውስጥ ከቁጥሩ ኋላ ኤም ፊደል ካልተጻፈ 0.15 ደብል (በግምት የሚያዝ ቁጥር) ነው፤ ቢግዴሲማል በደብል ሲባዛ ደግሞ ውጤቱ ደብል ይሆናል። 100 ብርን ለሦስት ሰው ማካፈል በቢግዴሲማል አያልቅምና ኤክሰፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወረውራል፤ ለዚህ የአሃዙን ብዛት የሚወስነውን ዊዝ ፕሪሲዥንን ተጠቀሙ። የክሎጁር ሙሉ ቁጥር ሎንግ ነው፤ ጃቫ ላይ ወደ ኢንቲጀር ካስት ብታደርጉት ይወድቃል። ወደ ነምበር ካስት አድርጋችሁ ኢንትቫልዩን ጥሩ። ለሙከራ፦ 1000 ብር ከአገልግሎት ክፍያ ጋር 1100፣ ከታክሱ ጋር 1265 መውጣት አለበት።

ዝርዝር የምትመልሱ ከሆነ ማፕ በሚባለው ፈንክሽን (ከላይ ካየነው መዝገብ የተለየ ነው፤ በዝርዝሩ እያንዳንዱ ነገር ላይ ሥራ ይሠራል) ፈንታ ማፕቪን ተጠቀሙ። ማፕ ሰነፍ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ጃቫው ሲያነበው ስለሆነ ስህተቱ ስህተት ከሚይዘው ከትራይ ካች ውጭ ይወጣል። ጃቫው በዝርዝሩ ላይ ልጨምር ካለም ኤክሰፕሽን ይገጥመዋል፣ ማፕቪ የሚመልሰው የክሎጁር ቬክተር አይለወጥምና፤ ወደ አዲስ አሬይሊስት ይገልብጠው።

ይህ ሁሉ በየቦታው እንዳይበተን ሒሳብ አውጣ የሚል አንድ ሜተድ ብቻ ያለው ኢንተርፌስ በጃቫ ጻፉ፤ ክሎጁር በሪፋይ (ኢንተርፌስን የሚተገብር ኦብጀክት በሚሠራው) ይተግብረው። የቀረው የጃቫ ኮድ ክሎጁር መኖሩንም አያውቅ። ከክሎጁር የጃቫ ክላስ በሚያወጣው በጄን ክላስም ይቻላል፣ ግን አስቀድሞ ኮምፓይል ማድረግን ስለሚጠይቅ የቢልድ ቅደም ተከተሉን ያወሳስባል፤ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ይሁን። ክሎጁር የጃቫ ሜተድ በተደጋጋሚ የሚጠራ ከሆነ ዋርን ኦን ሪፍሌክሽንን (ሜተዱ በሥራ ሰዓት የሚፈለግበትን ቦታ የሚያሳውቀውን ቅንብር) ክፈቱ፤ ማስጠንቀቂያ በወጣበት መስመር ላይ የታይፕ ምልክት ካልጨመራችሁ ጥሪው ይዘገያል።

ሥራን በጎን በሌላ ትሬድ የሚያስኬዱትን ፊውቸር ወይም ኤጀንት ከተጠቀማችሁ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ እንኳ ወዲያው አይዘጋም፣ ትሬዶቹ ክፍት ናቸውና። መዝጊያው ላይ ሻትዳውን ኤጀንትስን ጥሩ።