ለሰራተኛ ባቡር የጣቢያ ቦታ ሲመረጥ የሚሰሩ ስህተቶች

ከሰበታ አዳማ ድርብ ሀዲድ ተዘርግቷል፣ ጠዋት አዲስ አበባ ገብቶ ማታ የሚመለሰው ሰው ደግሞ በየጊዜው እየበዛ ነው፣ ስለዚህ የሰራተኛ ባቡር ማሰብ ቅዠት አይደለም። የጣቢያው ቦታ ላይ ከተሳሳትን ግን ባቡሩ ባዶውን ነው የሚመላለሰው።

ትልቁ ስህተት መሬቱ ባዶ ስለሆነ ብቻ እዛ መትከል ነው። ካሳ የለ፣ የሚነሳ ሰው የለ፣ ወረቀት ላይ ርካሽ ነው። የጅቡቲው መስመር የፉሪ ለቡ ጣቢያን እዩት፣ ከመሀል ከተማ እዛ ለመድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። ድሬዳዋ ለሚሄድ ችግር የለውም፣ አልፎ አልፎ ነው፤ በየቀኑ ለሚመላለስ ግን እያንዳንዷ የታክሲ ብር ትቆጠራለች። «ለገሃርም እኮ ያኔ ዳር ነበር፣ ከተማው ራሱ ይመጣል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው ዳር ነበር፣ ግን በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ሰው ሌላ ምን ምርጫ ነበረው፣ ዛሬ ሚኒባሱ ሰፈሩ ድረስ ይመጣለታል።

ሁለተኛው ርቀትን በካርታ መለካት። ካርታ ላይ 500 ሜትር የሚመስለው መሀሉ ላይ ወንዝ ወይ አጥር ካለ ዞሮ ዞሮ ኪሎሜትር ያልፋል፣ ቀላል ባቡሩ ታጥሮ በሚያልፍባቸው ሰፈሮች ማዶ ለመሻገር ስንቱ እንደሚዞር እናውቃለን። በእግር ሄዶ ነው መለካት፣ ያውም ሐምሌ ላይ። አንድ ጣቢያ በር ላይ የጭቃ ቦቲዋን አውልቃ ከፌስታል የስራ ጫማዋን የምታወጣ ልጅ አይቻለሁ፣ በአንድ እግሯ ቆማ አጥሩን ተደግፋ፤ እስከ አስፋልቱ ያለችው አጭር መንገድ ኮብልስቶን እንኳን አልነበራትም።

ኩርባ ላይ ፕላትፎርም አይሰራም። ፉርጎ አይታጠፍም፣ ስለዚህ በሩና ፕላትፎርሙ መሀል ክፍተት ይፈጠራል፣ ለአዛውንትና ለዊልቸር አደጋ ነው። ተዳፋት ላይም አይሰራም።

ጣቢያ ማብዛትም አለ። ሁሉም ቀበሌ ደጄ ላይ ይቁም ይላል፣ ግን ፍሬን መያዙ፣ ማውረድ መጫኑ፣ እንደገና ፍጥነት መያዙ በያንዳንዱ ፌርማታ ደቂቃ ይበላል፣ እሱ ሲደማመር የአዳማው ሰው ትቶት በፍጥነት መንገዱ በሚኒባስ ይመጣል።

ለባጃጅና ለታክሲ ተራ ቦታ አለመተው ደግሞ የተለመደ ነው። ተራው ራሱ መፈጠሩ አይቀርም፣ መግቢያው ላይ ይፈጠራል፣ ከዛ ማን ያነሳዋል። ቦታው ሲመረጥ ማታ 2 ሰዓት ላይም ሄዳችሁ እዩት፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ወርዳ ቤቷ የምትገባበት መንገድ መብራትና ሱቅ አለው ወይ።