ለሰፈር ሱቅ የመጠጥ ፈቃድ በጅማ እንዴት ይወጣል?

ሱቁ ተከፍቷል። ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ፓስታው ተደርድሯል። አመሻሽ ላይ ግን ደንበኛው «ቢራ የለም እንዴ?» ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ሁለት ሳጥን በደሌ አምጥቶ ፍሪጅ ውስጥ መደርደር ቀላል ነው። ያለ ፈቃድ ከሆነ ግን ሱቁ ሲታሸግ ዘይቱም ፓስታውም አብሮ ይታሸጋል።

ንግድ ጽሕፈት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። ጠርሙሱ የሚከፈተው የት ነው?

ደንበኛው ገዝቶ ቤቱ የሚወስደው ከሆነ ሥራችሁ ችርቻሮ ነው። ባንኮኒ ተደግፎ ወይም በር ላይ ባለችው ዱካ ተቀምጦ የሚጠጣ ከሆነ ግን ሱቅ መሆናችሁ ቀርቶ ግሮሰሪ ሆናችኋል። ያ ሌላ የንግድ መስክ ነው፣ ፈቃዱም ሌላ ነው። መጠጥ ቤት ሲሆን የጤና ተቆጣጣሪዎችም ይመጣሉ፤ መጸዳጃ ቤቱን፣ ውሃውን፣ የብርጭቆ ማጠቢያውን ያያሉ። ብዙ ባለሱቅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የችርቻሮ ፈቃድ ያወጣና «አንዷን እዚሁ ልጠጣት» ለሚል ጎረቤት መክፈቻ ያቀብላል።

«የሸቀጣሸቀጥ ፈቃድ አለኝ፣ አይበቃም ወይ?» የሚልም አለ። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው በንግድ መስክ ነው። እያንዳንዱ መስክ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ሂዱና «ይሄ ቁጥር አልኮልን ይጨምራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጨመረ መስኩን ታስጨምራላችሁ።

ቀጥሎ አከራይ። ጅማ ላይ ይሄ እንደዋዛ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ቆጪ ሰፈርም ሆነ ሂርማታ ሰፈር፣ የቤቱ ባለቤት ሙስሊም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። «ልጄ፣ ስኳር ሽጥ፣ ሩዝ ሽጥ፤ ኸምር ግን ቤቴ አይገባም» ቢሏችሁ መከራከር አያዋጣም፣ ተገቢም አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ሳይነግሯቸው ለጀመሩት ነው። ፈቃዱ ወጥቶ፣ ፍሪጅ ተገዝቶ፣ «ቤቴን ልቀቅ» ይመጣል። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። ከተስማሙ የኪራይ ውሉ ላይ «ለንግድ» ብቻ ተብሎ አይታለፍ፤ መጠጥ እንደሚሸጥበት ይጻፍ። ኪራዩም እውነተኛው ይጻፍ። አከራይ ግብር ለመቀነስ አሳንሶ ማጻፍ ሊፈልግ ይችላል፤ በኋላ ወጪያችሁን ስታስረዱ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። ሱቁ ትምህርት ቤት፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነም ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ንግድ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ መጠየቅ ምን ይጠቅማል?

አሁን ወረቀቱን ሰብስቡ። መታወቂያ (ፋይዳንም ጨምሮ)፣ ጉርድ ፎቶ፣ በውልና ማስረጃ የጸደቀ የኪራይ ውል፣ የአከራዩ የቤት ካርታ ኮፒ፣ የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ ካርታችሁን ትይዛላችሁ። ቲን ከሌላችሁ መጀመሪያ ገቢዎች ሄዳችሁ አውጡ።

ከሁሉም በላይ ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። እኔን ሦስት ቀን ያመላለሰኝ የአያቴ ስም ነው። መታወቂያዬ ላይ በቁቤ ተጽፏል፤ ቲኑ ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ገብቷል። አንድ ፊደል ተደግማ ሁለት ሰው አደረገችኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ቲኑን ስቀበል አላየሁትም። ቅጹም በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማንበብ የማትችሉ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። «ሃየማ ደልደላ» ማለት የንግድ ፈቃድ ነው።

ይሄ ካለቀ ቀሪው ብዙ አያስቸግርም። አዲስ ከሆናችሁ ንግድ ምዝገባ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ፈቃዱን ትጠይቃላችሁ። ምዝገባው አንድ ጊዜ ነው፤ ነባር ባለሱቅ እንደገና አይመዘገብም። ማመልከቻውን ኢትሬድ በሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት መጀመርም ይቻላል። ክፍያውን ከፍላችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ። «እኔ በአንድ ቀን አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላ ዋናውን ሰነድ አትስጡ።

ፈቃዱ ሲወጣ ከመሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም፤ በሚታይ ቦታ ይሰቀላል። ዋጋችሁንም ለጥፉ። መጠጡን ደረሰኝ ከሚሰጥ አከፋፋይ ግዙ። በጄሪካን የመጣ፣ ምልክት የሌለው አረቄ፣ የአክስታችሁም ቢሆን መደርደሪያ ላይ አይውጣ። እድሳቱ በየዓመቱ ነው፤ ያለ ቅጣት የሚታደስበትን ጊዜ ንግድ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። የግብራችሁንም ጊዜ ገቢዎችን ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀረ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል አይሸጥም። ሰፈር ውስጥ ይሄ ከባድ ነው፤ ሁሉም ልጅ የምታውቁት ሰው ልጅ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ባዶ ጠርሙስ ይዞ «አባዬ ቢራ አምጣ ብሎኛል» ይላል። ጠርሙሱን ተቀበሉት፣ «አባትህ ራሱ ይምጣ» በሉት።