ለበቀቀን መብራት ሲገጠም፦ ከላይ እንጂ ከጎን አይሁን

ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ አፓርታማ ውስጥ በቀቀን የምታሳድጉ፣ ኬጁን መስኮት ዳር ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። መስታወቱ ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ወፏ ቫይታሚን ዲ3 የምትሠራበትን ዩቪቢ የተባለ የማይታይ የፀሐይ ጨረር ግን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ዲ3 ካነሰ ከምግቧ የምታገኘው ካልሲየም ወደ ሰውነቷ በደንብ አይገባም። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በዚህ የተነሳ እስከ መንቀጥቀጥ ይደርሳል።

ለወፍ የተሠራ የዩቪቢ ቱቦ ከኬጁ በላይ ስቀሉ፤ ከላይኛው መቆሚያ እንጨት ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ ማሸጊያው ላይ ሌላ ርቀት ከተጻፈ እሱን ተከተሉ። ከጎን የሚመጣ ጨረር ዓይኗ ውስጥ በቀጥታ ይገባል። ስትፈልግ እንድትሸሸግ የኬጁን ግማሽ ጥላ አድርጉት። ባላስቱ (ወደ ቱቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ) ኤሌክትሮኒክ ይሁን፦ በድሮው ባላስት መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እኛ ባናየውም ወፎች ሊያዩት ስለሚችሉ ይረበሻሉ። ቱቦው ደህና እያበራም ዩቪቢው ስለሚደክም በዓመቱ ቀይሩት።

«ፉል ስፔክትረም» የተባለ ተራ ኤልኢዲ ዩቪቢ የለውም። ለበረሃ እንሽላሊት የሚሸጠውን ጠንካራ አምፖል ደግሞ ጭራሽ አትጠቀሙ፣ ዓይን ያቃጥላል። በበጋ የጠዋት ፀሐይ በረንዳ ላይ፣ ጥላ ባለበት፣ ከየትኛውም መብራት ይሻላል።